ከግጭት ማግስት ሕገ መንግሥት የሚጻፍባቸው አምስት መንገዶች፦ ለየትኛው አገር የትኛው ይበጃል?

እኔ በምኖርበት የጅማ ሰፈር ከጥቂት ዓመታት በፊት እድሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጠቡ የተነሣው በገንዘብ ያዡ መዝገብ ላይ ነው፤ እየከረረ ሄዶ ጥሩምባ ነፊው ሳይቀር በማን ትእዛዝ እንደሚነፋ ግራ ገባው። ድንኳኑና ድስቶቹ በአንደኛው ወገን እጅ፣ ማኅተሙና መዝገቡ በሌላኛው እጅ ቀሩ። ሽማግሌዎች ሲገቡ መጀመሪያ ያጻፉት አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አልነበረም። ከደብተር በተቀደደ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ አስፈረሙ፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ከየትኛውም ወገን ይሁን ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ከሣጥኑ ገንዘብ የሚወጣው ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ሲፈርም ነው፣ ደንቡ እስኪጻፍ ድረስ ማንም ከአባልነት አይሰረዝም። ደንቡ የተጻፈው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

አገር እድር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከጦርነት ወይም ከከፋ የእርስ በርስ ግጭት የወጣ አገር የሚገጥመው የመጀመሪያው ጥያቄ ከሽማግሌዎቹ ጥያቄ የተለየ አይደለም፤ ቀድሞ የሚጻፈው ምንድን ነው፣ የሚጽፈውስ ማን ነው? ከአገራዊ ምክክሩ መጀመር ወዲህ በፈረንጅ አራዳ ቡና ቤቶች ሳይቀር ሕገ መንግሥቱ ይቀየር፣ ይሻሻል ወይም አይነካ የሚል ክርክር እሰማለሁ። ክርክሩ ሁልጊዜ በአንቀጾቹ ላይ ነው፤ ወደ አንቀጾቹ ስለሚያደርሰው መንገድ ግን የሚናገር ብዙም አይገኝም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለአጀንዳ ሰብሳቢ፣ ለማኅበር ወኪል፣ ለሕግ ተማሪና ድምፁን እንዲሰጥ ለሚጠየቅ ዜጋ ሁሉ ሲሆን፣ መንገዶቹን እንጂ አንቀጾቹን አያወዳድርም። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሌላ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛዎቹ

አስቀድሞ መለኪያው ካልተቀመጠ እያንዳንዱ ተከራካሪ የሚወደውን አገር እየጠቀሰ ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ በአምስት ነገሮች እመዝነዋለሁ።

የመጀመሪያው ውክልና ነው። በዚህ ረገድ የተሳታፊዎቹ ብዛት ያን ያህል አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ከጠረጴዛው የቀረው ማን እንደሆነ ነው። ሁለተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው የተሸናፊው ዋስትና ነው፤ ምርጫውን የተሸነፈ ወገን ነገ እንደማይታሰር፣ እንደማይወረስና እንደገና ለመወዳደር ዕድል እንደሚኖረው በምን ያውቃል? ጅማ ይህን ከራሷ ታሪክ ታውቀዋለች። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለምኒልክ ግብር ለመክፈል ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ፤ ውሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገልግሏል። የቆመው ግን በባለቤቶቹ ቃልና ክብር ላይ ስለነበር፣ አባ ጅፋር በ1932 ሲያርፉ የጅማ ራስ ገዝነትም አብሮ አበቃ።

ሦስተኛው መመዘኛ ጊዜ ነው፤ መቸኮልም መጓተትም ያስከፍላሉ። አራተኛው ዳኛው ነው፤ ሰነዱ ሲያከራክር ቃሉን የሚተረጉመው ማን ነው፣ የሚተረጉመው አካልስ ከተከራካሪዎቹ የአንዱ ቤተሰብ ነው ወይስ አይደለም? አምስተኛው የማሻሻያው በር ነው፤ በጣም ከጠበበ ሰነዱ ይደርቃል፣ በጣም ከሰፋ ደግሞ እያንዳንዱ መንግሥት እንደ ካቦርት ይለዋውጠዋል። ወጪ ራሱን የቻለ ጉዳይ ቢሆንም ከምክሩ ክፍል ጋር አያይዤዋለሁ።

አንደኛ፦ የሰላም ስምምነቱን ራሱን ሕገ መንግሥት ማድረግ

የዚህ መንገድ ዋና ምሳሌ ቦስኒያና ሄርዞጎቪና ናት። ከ1992 እስከ 1995 የቆየውና ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕይወት የቀጠፈው ጦርነት በአሜሪካዋ ዴይተን ከተማ በተደረገው ድርድር ሲቆም፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የስምምነቱ አራተኛ አባሪ ሆኖ ተያይዞ መጣ። ሕዝቡ አልመረጠውም፣ በሕዝበ ውሳኔም አልቀረበለትም። መድፉን ግን ጸጥ አሰኝቷል፤ ይህን ማቃለል ለእናቶች ፍትሐዊ አይሆንም።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ርእሰ ብሔርነቱ ለሦስት ሰዎች ተከፍሏል፤ አንድ ቦስኒያክ፣ አንድ ክሮአትና አንድ ሰርብ። ከሦስቱ ሕዝቦች ያልሆነ ዜጋ ለዚያ ወንበር መወዳደር አይችልም። አንድ የሮማ (በተለምዶ ጂፕሲ የሚባለው ሕዝብ) ተወላጅና አንድ የአይሁድ ተወላጅ ያቀረቡትን ክስ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2009 ተመልክቶ ድንጋጌው አድሎአዊ ነው ሲል ፈርዷል፤ ነገር ግን ማሻሻያው የተዋጊዎቹን ወራሾች ስምምነት ስለሚጠይቅ ፍርዱ ለረጅም ዓመታት ሳይፈጸም ቆይቷል። በጦርነቱ ማግስት የነበረው የኃይል አሰላለፍ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሕግነት ተሰቅሏል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፦ በቀጥታ የሕገ መንግሥት ጉባኤ መምረጥ

በዚህ መንገድ ሕዝቡ መጀመሪያ ጸሐፊዎቹን ይመርጣል፣ ጸሐፊዎቹም ተቀምጠው ይጽፋሉ። በንድፈ ሐሳብ ከሁሉም የጠራ ነው፤ በተግባር ግን ውጤቱ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል።

ናሚቢያ በኅዳር 1989 72 አባላት ያሉት ጉባኤ መርጣ የካቲት 9 ቀን 1990 ሕገ መንግሥቷን በሙሉ ድምፅ አጸደቀች፤ ሦስት ወር እንኳን አልሞላም። ለዚህ ፍጥነት ሁለት ምክንያት አለው። መሠረታዊ መርሆቹ ገና በ1982 ስምምነት ተደርሶባቸው ስለነበር ጉባኤው ከባዶ ወረቀት አልተነሣም። ሁለተኛ፣ ነፃ አውጪው ስዋፖ 41 መቀመጫ ቢያገኝም ሁለት ሦስተኛውን አልሞላም፤ ስለዚህ ተቃዋሚውን ሳያግባባ አንድ አንቀጽ ማጽደቅ አይችልም ነበር። በዚህ ሁለተኛ ነጥብ ላይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስደርስ እመለሳለሁ።

በምሥራቅ ቲሞር በ2001 የተመረጠው 88 አባላት ያሉት ጉባኤ ሥራውን ሲጨርስ ያለ አዲስ ምርጫ ራሱን ወደ ፓርላማነት ቀየረ። ወጪ ቆጥቧል፤ ዳሩ ግን የራሱን ወንበር ደንብ ራሱ የሚጽፍ ሰው ለማን እንደሚያደላ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም።

ኔፓል የሌላኛው ጫፍ ምሳሌ ናት። ከአሥር ዓመት የማኦይስቶች ጦርነትና ከ2006ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ በ2008 601 አባላት ያሉት ጉባኤ ተመረጠ። ከአባላቱ ሲሶው ሴቶች ነበሩ፤ በብሔር፣ በቋንቋና በማኅበራዊ መደብ ስብጥሩ የአገሪቱን መልክ ይመስል ነበር። ሆኖም የፌዴራል ክልሎቹ ወሰን እንዴት ይሠመር በሚለው ላይ መስማማት አቅቶት፣ ዕድሜው ደጋግሞ ተራዝሞ፣ በግንቦት 2012 ያለ ሰነድ ፈረሰ። ሁለተኛ ጉባኤ በ2013 ተመረጠ። በሚያዝያ 2015 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ደንግጠው በችኮላ ተስማሙ፤ መስከረም 20 ቀን ሕገ መንግሥቱ ታወጀ። በደቡብ ሜዳ የሚኖሩት ማዴሲዎች ግን አግልሎናል ብለው ተነሡ፣ ሰዎች ሞቱ፣ የድንበር መተላለፊያዎች ለወራት ተዘጉ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዝግታ የተደከመበት ሥራ ማለቂያው ላይ በጥቂት ወራት ጥድፊያ ተዘጋ።

ሦስተኛ፦ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት፣ ቀጥሎ ቋሚው

ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ የሰፈራችን ሽማግሌዎች የሄዱበት መንገድ በመሆኑ ብቻ ግን አይደለም።

ደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዶሮና እንቁላል እንቆቅልሽ ገጥሟት ነበር። የማንዴላ ድርጅት የሆነው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ያልተመረጠ ሰው ሕገ መንግሥት ሊጽፍ አይገባም ይል ነበር። ገዥው ብሔራዊ ፓርቲ በበኩሉ መጀመሪያ ከተመረጠ ብዙኃኑ የፈለገውን ይጽፍብናል ብሎ ፈራ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። መፍትሔው በሁለት ደረጃ መጻፍ ሆነ። በ1993 ተደራዳሪዎቹ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ጻፉ፤ ከእሱም ጋር ቋሚው ሰነድ ሊጥሳቸው የማይችላቸውን 34 መርሆች አያያዙ። በሚያዝያ 1994 ምርጫ ተደረገ። የተመረጡት 400 የምክር ቤት አባላትና 90 ሴናተሮች አብረው ተቀምጠው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ቋሚውን እንዲያጸድቁ ታዘዙ። ጉባኤው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አስተያየቶች እንደደረሱት ተዘግቧል፤ ቁጥሩ የሚያስደንቅ ቢሆንም አብዛኞቹ በፊርማ የተሰባሰቡ አቤቱታዎች ስለነበሩ ሁለት ሚሊዮን የተለያየ ሐሳብ ቀረበ ማለት አይደለም።

አሁን ወደዚያ ነጥብ ልመለስ። ኮንግረሱ በ1994 ያገኘው ድምፅ 62.65 በመቶ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ልክ እንደ ስዋፖ አሸናፊው ብቻውን መጻፍ አልቻለም። የሁለቱ አገሮች ስኬት ሲተረክ የማንዴላ ልብ ስፋት ይነሣል፣ ይገባልም፤ ይህ የሒሳብ ነገር ግን ይዘነጋል። የማጽደቂያው መጠን ከአሸናፊው መጠን በላይ ሲሆን ትሕትና ግዴታ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚማርከኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ጉባኤው በግንቦት 1996 ያጸደቀውን ሰነድ አዲስ የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከ34ቱ መርሆች ጋር እያንዳንዱን እያመሳከረ መረመረ፤ በመስከረም ወር አልተሟላም ብሎ መለሰው። ሕዝብ የመረጣቸው 490 ሰዎች የጻፉትን 11 ዳኞች መለሱት፣ ጉባኤውም ተቀምጦ አረመው፤ ማንም አደባባይ አልወጣም። ታኅሣሥ 10 ቀን 1996 ማንዴላ በሻርፕቪል ፈረሙበት፣ በየካቲት 1997 ሥራ ላይ ዋለ። ለተሸናፊው ዋስትናው ዳኛው ነበር ማለት ነው። በእርግጥ እንከን የለሽ አልነበረም፤ የኢንካታ ፓርቲ አባላት ጉባኤውን ጥለው ወጥተዋል፣ በድርድሩ ዓመታትም ብዙ ደም ፈስሷል።

የዚህ መንገድ በሽታ ጊዜያዊው ጊዜያዊ እንደሆነ መቅረቱ ነው። ሶማሊያ በነሐሴ 2012 ያጸደቀችው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ከአሥር ዓመት በላይ በዚያው ስም ቆይቷል። ደቡብ ሱዳንም በ2011 በያዘችው የሽግግር ሕገ መንግሥት ላይ ሆና በታኅሣሥ 2013 ወደ ጦርነት ገባች። የሁለቱ ጉድለት አንድ ነው፤ ቋሚውን የመጻፍ ቀነ ገደብ ቢኖርም ገደቡ ሲያልፍ የሚጎዳ ባለሥልጣን የለም።

አራተኛ፦ የባለሙያዎች ረቂቅና ሕዝበ ውሳኔ

ኬንያ በ2005 ለሕዝበ ውሳኔ ያቀረበችው ረቂቅ በ58 በመቶ ገደማ ድምፅ ወደቀ። ማንበብ የማይችል መራጭ እንዲለይ ለድጋፍ ሙዝ፣ ለተቃውሞ ብርቱካን ምልክት ተደርጎ ነበር፤ ብርቱካኗ ካሸነፈች በኋላ የፖለቲካ ፓርቲ ስም ሆና ቀረች፤ ሕዝበ ውሳኔ ሰነድን ሳይሆን ሰዎችን ወደ መምረጥ እንደሚንሸራተት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም። በ2007 መጨረሻ የተካሄደው ምርጫ ግጭት አስነሥቶ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኮፊ አናን ሽምግልና በየካቲት 2008 ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ጉዳዩ ስድስት ኬንያውያንና ሦስት የውጭ ዜጎች ለተካተቱበት የባለሙያዎች ኮሚቴ ተሰጠ። ኮሚቴው የቀደሙትን ረቂቆች ሰብስቦ፣ የተስማሙበትን ለይቶ በማይስማሙበት ላይ ብቻ አተኮረ። ነሐሴ 4 ቀን 2010 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 67 በመቶ ያህሉ ደገፈው። ቀድሞ የወደቀ ረቂቅ ላለበት አገር ይህ አሠራር ወርቅ ነው።

ኢራቅ ግን ያስጠነቅቃል። የሱኒ አረቦች አብዛኞቹ በጥር 2005 ምርጫ ስላልተሳተፉ በአርቃቂው ምክር ቤት የነበራቸው ድምፅ አነስተኛ ነበር፤ በጥቅምት ወር ሕዝበ ውሳኔ አንባርና ሳላሃዲን ረቂቁን ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሆነ ድምፅ ውድቅ አደረጉት። ረቂቁን ለመጣል ሦስት አውራጃ ይፈለግ ስለነበር አለፈ፤ የተቃወሙት ግን እንደ ራሳቸው ሰነድ ሳይቀበሉት ቀሩ። ኤርትራ ደግሞ በኮሚሽን አስጠንታ በ1997 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬ ሥራ ላይ አልዋለም።

አምስተኛ፦ ያለውን እየጠገኑ መቀጠል

ሴራሊዮን ከጦርነቱ የወጣችው የ1991 ሕገ መንግሥቷን ይዛ ነው፤ ላይቤሪያም ከ2003ቱ ስምምነት በኋላ የ1986ቱን አልጣለችም። ኢንዶኔዥያ ከሱሃርቶ ውድቀት በኋላ ከ1999 እስከ 2002 የ1945ቱን ሕገ መንግሥት አራት ጊዜ አሻሽላ ይዘቱን ከሞላ ጎደል ለውጣዋለች። መንገዱ ርካሽና ጸጥ ያለ ነው። የሚሠራው ግን የጠቡ ምንጭ ሰነዱ ራሱ ካልሆነ ብቻ ነው።

የእኛ መንገድ በዚህ ሚዛን

የኢትዮጵያ መንገድ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቅልቅል ነው። በሐምሌ 1991 የሽግግር ቻርተር ጸደቀ፤ ኮሚሽን አረቀቀ፤ በ1994 የተመረጠው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. አጸደቀው፤ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በቅደም ተከተሉ ብዙም አይወቀስም። በውክልና ሲመዘን ግን ኢሕአፓ ከመጀመሪያውም አልተጋበዘም፣ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ደግሞ በ1992 ከሽግግሩ ወጣ፤ እዚህ በጅማ ዙሪያ ይህ መውጣት ምን ማለት እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። የማጽደቂያው መጠን ከአሸናፊው መጠን በታች ስለነበር፣ ትሕትናው በበጎ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ።

ሕዝበ ውሳኔ አለመደረጉ ብዙ ይነሣል፤ እኔ ያን ያህል ክብደት አልሰጠውም። የደርግ ዘመኑ የ1979 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ በ81 በመቶ ድምፅ አለፈ ተብሎ፣ ሥርዓቱ ከአራት ዓመት በኋላ ወድቋል።

አማራጮቹ በአጭሩ

| መንገድ | ውክልና | የተሸናፊ ዋስትና | ጊዜ | ማሻሻል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የሰላም ስምምነቱ ራሱ | ተዋጊዎች ብቻ | ጠንካራ፣ ለተዋጊዎች | ሳምንታት | እጅግ ከባድ | ዝቅተኛ |
| የተመረጠ ጉባኤ | ሰፊ | በማጽደቂያው ድምፅ መጠን ይወሰናል | ከ3 ወር እስከ 7 ዓመት | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ጊዜያዊ፣ ቀጥሎ ቋሚ | ሰፊ፣ በሁለት ደረጃ | ከሁሉም የተሻለ፣ ዳኛ ካለ | ከ3 እስከ 5 ዓመት | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ባለሙያና ሕዝበ ውሳኔ | ጠባብ ጸሐፊ፣ ሰፊ መራጭ | ደካማ | 2 ዓመት ገደማ | ከባድ | መካከለኛ |
| ያለውን ማሻሻል | የነበረው ፓርላማ | እንደ ነባሩ ሰነድ | እንደ ፈቃዱ | ቀላል | ዝቅተኛ |

ለየትኛው አገር የትኛው?

ተኩሱ ገና ካልቆመ ቋሚ ሕገ መንግሥት አትጻፉ። የሰላም ስምምነቱ አጭርና ጠንካራ ይሁን፤ የመንግሥት አወቃቀርን ለዘለዓለም የሚወስን አንቀጽ ግን አይግባበት፣ ከገባም የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። የቦስኒያ ስሕተት መድፉን ማቆሟ አይደለም፤ ቀኑን አለመጻፏ ነው።

የሚፈራሩ ግን አንዱ ሌላውን ማሸነፍ እንደማይችል የገባቸው ሁለት ወይም ሦስት ኃይሎች ካሉ ሦስተኛውን መንገድ እመክራለሁ፤ ሁለት ነገር ሳይጓደል ግን ነው። የማይጣሱት መርሆች ከምርጫው በፊት ይጻፉ፤ ከሁሉም ወገን የተውጣጡ ዳኞችም ከምርጫው በፊት ይሰየሙ። ዳኛው በኋላ የሚመረጥ ከሆነ የአሸናፊው ዳኛ ይሆናል።

አንድ ወገን ጦርነቱን ጠቅልሎ ካሸነፈ ከመንገዱ ይልቅ የማጽደቂያው መጠን ላይ ታገሉ። አሸናፊው 70 በመቶ የሚያገኝ ከመሰለ ማጽደቂያው ሦስት አራተኛ ይሁን፣ ወይም የየክልሉ ምክር ቤቶች ለየብቻ ድምፅ ይስጡበት። ይህን አሸናፊ በፈቃዱ እምብዛም አይቀበለውም፤ ዕርዳታና እውቅና የሚፈልግበት የመጀመሪያው ዓመት ግን ከየትኛውም ጊዜ ይልቅ ለመደራደር ልቡ የሚከፈትበት ነው።

ገንዘብ የሌለው አገር ሁለት ምርጫና አንድ ሕዝበ ውሳኔ በተከታታይ ማካሄድ አይችልም። ደቡብ አፍሪካ እንዳደረገችው ፓርላማውና ጉባኤው አንድ ቢሆኑ አንድ ምርጫ ይተርፋል፤ በዚያ ፋንታ አርቃቂዎቹ የሚጽፉት የምርጫ ሕግና የሥልጣን ዘመን ለእነርሱ ሳይሆን ከእነርሱ ቀጥሎ ለሚመጡት ብቻ እንዲሠራ መደንገግ ይገባል። ከዚያም የሚያንስ በጀት ካለ ነባሩን ሰነድ ይዞ ሦስት አራት አንቀጾችን ብቻ ማሻሻል አያሳፍርም።

ከመሪዎቹ ይልቅ በአንድ ምሽት ረቂቅ ተሰጥቶት ነገ አስተያየት ስጥ ለሚባለው የማኅበር ወይም የእድር ወኪል ደግሞ የንባብ ቅደም ተከተል ልጠቁም። ከኋላ ይጀምር። መጀመሪያ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎቹን ያንብብ፤ ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለው እስከ መቼና በምን ሥልጣን እንደሚቆይ የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጥሎ የማሻሻያውን አንቀጽ ይመልከት፤ በእኛው ሰነድ አንቀጽ 104 እና 105 ናቸው፣ በምዕራፍ ሦስት ያሉትን መብቶች ለመንካት የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች ፈቃድ እንደሚጠየቅ እዚያ ይገኛል። ሦስተኛ ተርጓሚውን ይፈልግ፤ አንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል፣ ከአንቀጽ 82 እስከ 84 ያሉት ደግሞ ስለ ሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤው ይናገራሉ። እነዚህን ሦስቱን በእርሳስ አስምሮ ከጨረሰና ሻማው ካልተቃጠለበት፣ ያን ጊዜ ወደ መግቢያው ይመለስ፤ መግቢያው በሁሉም አገር ያማረ ነው።